አቡነ ኢየሱስ ሞዐ፦ መጽሐፍና ዛፍ ያቆየው ሥርዓት

ከደሴ ከተማ ተነስቶ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ መንገደኛ ሐይቅ ከተማን ያገኛል። ከከተማዋ በስተምሥራቅ ስሟን ያገኘችበት ሐይቅ ተንጣሎ ይታያል። ዙሪያውን ተራራ ከቦታል፤ በስተሰሜን ደግሞ የአምባሰል አምቦች እንደ ግንብ ቆመዋል። በተራሮቹ ተዳፋት ላይ ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎና ሽምብራ ይዘራል። ዓይን ከማሳ ወደ ማሳ ሲሻገር ቆይቶ በሐይቁ ዳር አንድ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ስፍራ ላይ ያርፋል። ይህ ስፍራ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው።

ገዳሙ የታሪክ ተመራማሪዎች በመጻሕፍቱ፣ ምዕመናን በጸሎቱ፣ የአካባቢው አርሶ አደሮች ደግሞ በዛፎቹ ያውቁታል። ሦስቱም ዝና ወደ አንድ ሰው ይመራል። እኚህ ሰው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው። ስማቸው ኢየሱስ አሸነፈ እንደ ማለት ነው። የሕይወት ታሪካቸው አብዛኛውን ጊዜ ከሃይማኖትና ከቤተ መንግሥት ታሪክ ጋር ተያይዞ ይነገራል። በዚህ ዓምድ ግን ከመሬት፣ ከውኃና ከዛፍ ጋር ያለው ትስስር ይቃኛል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዳህና እስከ ደብረ ዳሞ

አቡነ ኢየሱስ ሞዐ የተወለዱት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ዳህና በተባለች ስፍራ ነው። ዘመኑ የዛጉዌ ነገሥታት ከላስታ ሆነው አገሪቱን የሚያስተዳድሩበት ነበር። ወጣቱ ኢየሱስ ሞዐ የምንኩስናን ሕይወት ፈልገው ቀዬአቸውን ትተው ወደ ሰሜን አቀኑ። መድረሻቸው በትግራይ የሚገኘው ጥንታዊው የደብረ ዳሞ ገዳም ሆነ።

ደብረ ዳሞ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ነው። እስከ ዛሬም ድረስ ወደ ላይ የሚወጣው በገመድ ተስቦ ነው። ምንጭ በሌለበት በዚያ አምባ ላይ መነኮሳቱ የሚጠጡት በክረምት የሚዘንበውን ውኃ ከዓለት በተፈለፈሉ ጉድጓዶች አጠራቅመው ነው። የዝናብ ውኃ ማቆር ዛሬ የግብርና ባለሙያዎች በየቀበሌው የሚያስተምሩት ሥራ ነው። በደብረ ዳሞ አምባ ግን ውኃ ያላቆረ በበጋ መኖር አይችልም ነበር። በዚያ የሚኖር ሰው ውኃን በልክ መጠቀም፣ ያለውንም ለነገ ማሳደር ግድ ይለዋል።

ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ በአበ ምኔቱ በአባ ዮሐኒ ሥር ተቀምጠው ተማሩ። የምንኩስናን ሥርዓት ከመቀበላቸውም በላይ መጻሕፍትን የመገልበጥ ሙያ ያዳበሩት በዚያ ነበር። በኋላ ዘመን ለታወቁበት ሥራ መሠረት የጣለላቸው ይህ የእጅ ሙያ ነው።

ወደ ሐይቅ መምጣት

በ1248 አካባቢ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ ወደ ሐይቅ መጡ። ያን ጊዜ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በሐይቁ መካከል በምትገኝ ደሴት ላይ ነበረች። የገዳሙ ትውፊት የቤተ ክርስቲያኒቱን አመሠራረት ከእሳቸው ብዙ መቶ ዓመታት አስቀድሞ ወደ ነገሠው ወደ ንጉሥ ድልናኦድ ዘመን ይወስደዋል። ስለዚህ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ባዶ ደሴት ላይ አልሰፈሩም። የሠሩት ሥራ ነባሩን ቤተ ክርስቲያን የአንድነት ኑሮ ወዳለበት ገዳምና ትምህርት ቤት መለወጥ ነው።

የአንድነት ኑሮ ማለት በጋራ መጸለይ፣ በጋራ መሥራትና በጋራ መመገብ ነው። በዚህ ሥርዓት መሬቱም፣ ሰብሉም፣ ፍሬውም፣ ዛፉም የማኅበሩ እንጂ የግለሰብ አይደለም። አንድ መነኩሴ ብቻውን ወስኖ ዛፍ ቆርጦ አይሸጥም፤ የራሱን ከብት ወደ ገዳሙ ቅጥር አስገብቶ አያሰማራም። የጋራ ሀብት የሚጠፋው ሁሉም የሚወስድበት፣ ማንም የማይጠብቀው ሲሆን ነው። የገዳሙ ሥርዓት ለዚህ መልስ ነበረው፤ ሀብቱ የጋራ ነው፣ ጠባቂ አለው፣ ደንብም አለው።

ትውፊቱ እንደሚለው ደሴቲቱ ለመነኮሳት ብቻ የተለየችው በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን ነው። ሴቶች ወደ ገዳሙ እንዳይገቡ የተደነገገው ሥርዓትም እስከ ዛሬ ይሠራል። ሥርዓቱ የተሠራው ለምንኩስና ሕይወት እንጂ ለደን ጥበቃ አልነበረም። ይሁን እንጂ ውጤቱ በደኑ ላይ ታይቷል። ቤተሰብ ያልሰፈረበት፣ ማሳ ያልተከፋፈለበት፣ የከብት መንጋ ያልተሰማራበት ስፍራ ዛፉን ይዞ ለመቆየት ዕድል አገኘ።

ከፍየል ቆዳ እስከ ወይራ ገበታ

አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ በኖሩባቸው 45 ያህል ዓመታት ትልቁ ሥራቸው መጻሕፍትን ማሰባሰብና ማስገልበጥ ነበር። ማተሚያ ቤት ባልነበረበት ዘመን አንድ ትምህርት ቤት መጽሐፍ የሚያገኘው በእጅ ተጽፎ ብቻ ነው። የእጅ ጽሑፍ ደግሞ ከግብርናና ከተፈጥሮ ሀብት ተነጥሎ አይታሰብም።

ብራና የሚዘጋጀው በአብዛኛው ከፍየል ቆዳ ነው። ቆዳው በውኃ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ሥጋውና ፀጉሩ ተፍቆ ይነሳል፣ ደርቆ ይለሰልሳል፣ በልኩም ይቆረጣል። ከአንድ ፍየል የሚገኘው ቅጠል ጥቂት ነው። ስለዚህ ለአንድ ትልቅ ወንጌል የብዙ ፍየሎች ቆዳ ያስፈልጋል። ጸሐፊው የሚጽፍበት ብዕር ከመቃ ወይም ከሸምበቆ ይቀረጻል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቃጠለ እህልና ከዕፅዋት ተቀምሞ ለረጅም ጊዜ እንዲብላላ ይደረጋል። መጽሐፉ ሲጠረዝ ደግሞ ሽፋኑ እንደ ወይራና ዋንዛ ካሉ ዛፎች የተጠረበ ገበታ ነው።

ከዚህ እንደምንረዳው መጽሐፍ የሚወጣው ከመንጋው፣ ከሐይቁ ዳርና ከጫካው ነው። ፍየል የሚረባበት ግጦሽ ከሌለ ብራና የለም። ረግረጉ ከደረቀ መቃ የለም። ወይራውና ዋንዛው ካለቁ ገበታ የለም። ሐይቅ እስጢፋኖስን የመጻሕፍት ማዕከል ያደረገው የመምህሩ ትጋት ነው፤ ትጋቱ ፍሬ እንዲያፈራ ያስቻለው ግን በዙሪያው የነበረው የተፈጥሮ ሀብት ነው።

ከዚያ ዘመን ሥራዎች መካከል እስከ ዛሬ የዘለቀ አንድ ታላቅ ምስክር አለ። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ1280 ወይም በ1281 ለቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን የሰጡት የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍ ነው። የተጻፈበት ዘመን በውስጡ ከተመዘገበላቸው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ሁሉ ቀደምት ከሆኑት ይመደባል። በውስጡ ሥዕሎች አሉ፤ የራሳቸው የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ምስልም ይገኝበታል። በዚሁ መጽሐፍ ላይ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሯል። ዝርዝሩ በኢትዮጵያ ከሚታወቁት የመጻሕፍት መዝገቦች ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጽሐፉ በማይክሮ ፊልም ተነስቶ ለተመራማሪዎች እንዲዳረስ ተደርጓል።

እንዲህ ያለው ወንጌል የመሬት መዝገብም ነበር። በጥንታዊ ገዳማት ነገሥታት የሰጡት ርስትና ጉልት በወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ ነበር። ቅዱስ መጽሐፍ ላይ የሰፈረን ቃል መካድ ነውርም ኃጢአትም ስለሆነ መዝገቡ የመሬት ይዞታ ዋስትና ሆኖ ያገለግላል። በሐይቁም ወንጌል ላይ እንዲህ ያሉ የመሬት ማስታወሻዎች ይገኛሉ። ዛሬ አርሶ አደሩ በእጁ የያዘው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ከሩቅ ሲታይ የዚህ ዓይነቱ መዝገብ የልጅ ልጅ ነው። ይዞታው የተረጋገጠለት ሰው ለነገ የሚያስብ እርከን ይሠራል፣ ዛፍም ይተክላል።

ደቀ መዛሙርቱና ዓቃቤ ሰዓት

የሐይቅ ትምህርት ቤት ዝና እየሰፋ ሲሄድ ከሩቅና ከቅርብ ተማሪዎች መጡ። ከሁሉም የታወቁት ከሸዋ የመጡት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። በሐይቅ ለዓመታት ተቀምጠው ከአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ከተማሩ በኋላ መምህራቸው ወዳደጉበት ወደ ደብረ ዳሞ ሄዱ። በመጨረሻም ወደ ሸዋ ተመልሰው በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም መሠረቱ። በጣና ሐይቅ የሚገኘው የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም መሥራች አቡነ ሂሩተ አምላክም በትውፊት ከአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዛሙርት ይቆጠራሉ።

ከእነዚህ ገዳማት ካርታ አንድ ነገር ይታያል። ደብረ ዳሞ በአምባ ላይ፣ ሐይቅና ዳጋ በደሴት ላይ፣ ደብረ ሊባኖስ በገደል ሥር ናቸው። መነኮሳቱ የመረጡት ለእርሻ የማይመቸውን፣ ከሰው ራቅ ያለውን ስፍራ ነው። ዛሬ በደጋማው የአገራችን ክፍል ነባሩ የአገር በቀል ደን የት ቀረ ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ በአብዛኛው በገዳማትና በአድባራት ቅጥር ውስጥ የሚል ነው። በሰሜኑ ደጋ በሺዎች የሚቆጠሩ የቤተ ክርስቲያን ደኖች አሉ። ብዙዎቹ ትናንሽ ናቸው፤ ሆኖም እንደ ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ዋንዛ ላሉ ዛፎች የዘር ምንጭ ሆነው ያገለግላሉ። ለችግኝ ጣቢያ ዘር የሚለቀመው ከእንዲህ ዓይነቱ ስፍራ ነው።

በ1270 ይኩኖ አምላክ ዙፋን ላይ ወጣ፤ የዛጉዌ ዘመንም አበቃ። ትውፊቱ ይኩኖ አምላክን የሐይቅ ተማሪ ያደርገዋል፤ ለመንገሡም የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ድጋፍ እንደነበረበት ይተርካል። ከዚህ ጋር ተያይዞ የሐይቅ አበ ምኔት ዓቃቤ ሰዓት የሚባለውን ማዕረግ ያዘ። ዓቃቤ ሰዓት በቤተ መንግሥት ከፍተኛ ሥፍራ ነበረው፤ በተከታዮቹ ነገሥታት ዘመንም ከንጉሡ የቅርብ አማካሪዎች አንዱ ነበር። በዚህ ምክንያት ገዳሙ ርስትና ጉልት ተጨመረለት፣ ክብሩም ከፍ አለ።

የዚህ ገጽታ ሌላ ጎን መዘንጋት የለበትም። ጉልት ማለት በመሬቱ ላይ የሚኖረው ገበሬ ግብር የሚከፍልበት ሥርዓት ነው። መነኮሳቱ በጸሎትና በመጽሐፍ ሥራ እንዲቆዩ ያስቻላቸው በሐይቁ ዙሪያ በሬ የጠመደው፣ ፍየል ያረባውና እህል ያስገባው ገበሬ ነው። የእሱ ስም በወንጌሉ ገጽ ላይ አልተጻፈም። የሐይቅ ታሪክ ሲነገር ድርሻው ሊታሰብ ይገባል።

አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ1293 አካባቢ አረፉ። መታሰቢያቸው በየዓመቱ ኅዳር 26 ቀን ይከበራል። ወቅቱ መኸር የሚሰበሰብበት፣ አውድማ የሚለቀለቅበት ነው።

ሎሚ፣ ብርቱካንና ትርንጎ

አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ካረፉ ከ220 ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ በ1520 አንድ የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ወደ አጼ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት ሲጓዝ በሐይቅ በኩል አለፈ። ከቡድኑ አንዱ የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን መዝግቦ አስቀርቷል። በእሱ ጽሑፍ ውስጥ ገዳሙ በሐይቁ መካከል ያለች የደሴት ገዳም ናት። ብዙ መነኮሳት አሏት። ሎሚ፣ ብርቱካንና ትርንጎም በብዛት ይገኝባታል። መነኮሳቱ ወደ ዳር የሚሻገሩት ከቄጠማ በተሠራና ትልልቅ ቅሎች በታሰሩበት ታንኳ ነበር። በሐይቁም ውስጥ ጉማሬ እንደነበረ ጠቅሷል።

ይህ አጭር መግለጫ ለግብርና ታሪክ ትልቅ ዋጋ አለው። የሐይቅ ገዳም ነባሩን ዛፍ ከመጠበቅ አልፎ ፍራፍሬ ያለማ እንደነበር ያሳያል። ሎሚ፣ ብርቱካንና ትርንጎ ሳይተከሉ፣ ውኃ ሳይጠጡ፣ ከከብት ሳይጠበቁ ፍሬ አይሰጡም። በደሴት ላይ ውኃው ቅርብ ነው፤ ልቅ ግጦሽ የለም፤ የአንድነት ኑሮው ደግሞ የማያቋርጥ የሰው ጉልበት ይሰጣል። ዛሬ በሐይቁ ዙሪያ በመስኖ ፍራፍሬ ለማልማት የሚደረገው ጥረት ከ500 ዓመት በፊት በዚያችው ደሴት ላይ የተሞከረ ነው ማለት ይቻላል።

አልቫሬዝ ካለፈ ከ11 ዓመት በኋላ በ1531 የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ሐይቅ ደረሰ። ውኃው ደሴቲቱን ለጊዜው ቢጠብቃትም ጦሩ መሻገሪያ ማዘጋጀቱን ባዩ ጊዜ መነኮሳቱ የገዳሙን ሀብት አስረከቡ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ከመቃጠል ዳነ። በዚያ ጦርነት ብዙ የአገሪቱ መጻሕፍት ጠፍተዋል። የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ግን ዛሬም አለ።

ደሴት የነበረው ስፍራ

አልቫሬዝ በታንኳ የሚገባበት ብሎ ወደጻፈው ገዳም ዛሬ የሚገባው በእግር ነው። የሐይቁ ውኃ በመቀነሱ ደሴቲቱ ከየብስ ጋር ተገናኝታ ባሕረ ገብ መሬት ሆናለች። ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ በወሰደ ጊዜ የተከሰተው ይህ ለውጥ የአካባቢውን የተፈጥሮ ታሪክ ሳይነበብ ያስነብባል።

ሐይቅ በገጸ ምድር መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። ከእሱ ከፍ ብሎ ከሚገኘው ከአርዲቦ ሐይቅ ጋር በአንከርከሃ ወንዝ በኩል ይገናኛል፤ ሌሎች ጅረቶችም ከዙሪያው ተራሮች ይወርዱበታል። ከሐይቁ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ውኃው የሚቀንሰው በትነትና ወደ መሬት በመስረግ ነው። ይህ ለአርሶ አደሩም ለዓሣ አስጋሪውም ትልቅ ትርጉም አለው። ወንዝ ያለው ሐይቅ የመጣበትን ደለል በከፊል ያወጣዋል። መውጫ የሌለው ግን የተቀበለውን ይዞ ይቀራል። ከማሳ የታጠበ አፈር፣ ከከተማ የወረደ ፍሳሽ፣ ከእርሻ የተረፈ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ መጨረሻቸው ሐይቁ ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆሮሶ የተባለው የዓሣ ዝርያ ወደ ሐይቁ እንዲገባ ተደርጓል። ከዚያ ወዲህ ዓሣ ማስገር የብዙ ወጣቶች የገቢ ምንጭ ሆኗል። ዓሣው የሚራባው ጥልቀት በሌለው የሐይቁ ዳር ነው። ደለል መጀመሪያ የሚከማቸውም በዚሁ ስፍራ ነው። ስለዚህ ከተራራው ላይ እርከን የሚሠራው አርሶ አደር ሳያውቀው የዓሣ አስጋሪውን መረብ ይጠብቃል።

የወሎ ተራሮች የመሬት መራቆት የሚያስከትለውን ጉዳት በከባድ ዋጋ አይተዋል። በ1973 እና በ1974 እንዲሁም በ1984 እና በ1985 የደረሰው ረሃብ ከዝናብ እጥረት ባሻገር በተራቆተ መሬት ላይ የወደቀ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአካባቢው ሰፊ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ተጀመረ። በ1981 ከደሴ ብዙም ሳይርቅ በማይባር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቋመ። በዚህና በመሰል ጣቢያዎች ለዓመታት የዝናብ መጠን፣ የጎርፍ ፍሰትና የታጠበ አፈር ሲለካ ቆይቷል። ከዚህ ዓይነቱ ልኬታ የተገኘው ዋና ትምህርት ለአርሶ አደሩ እንግዳ አይደለም። ከፍተኛው የአፈር መታጠብ የሚደርሰው በጥቂት ከባድ ዝናቦች ነው። በተለይ ማሳው ታርሶ ገና በሰብል ባልተሸፈነበት ጊዜ አፈሩ ለጎርፍ ይጋለጣል። አንድ ሌሊት የወረደ ዝናብ የብዙ ዓመት አፈር ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ዓለምም ለተራሮች ልዩ ትኩረት መስጠት የጀመረው በቅርብ ዘመን ነው። በ1992 በብራዚል ሪዮ ዴ ጄኔሮ በተካሄደው የምድር ጉባኤ የጸደቀው አጀንዳ 21 ለተራራማ አካባቢዎች ዘላቂ ልማት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቷል። 2002 ዓለም አቀፍ የተራሮች ዓመት ተብሎ ተከበረ፤ ታኅሣሥ ወር በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ የሚውለው ዓለም አቀፍ የተራሮች ቀንም ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይታሰባል። ከዚያ ዘመን ጀምሮ ስለ ተራራ ልማት ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል። አብዛኞቹ ላይ ተደጋግሞ የሚነሳው ነጥብ አንድ ነው፤ በተራራው ላይ የሚሠራው ሥራ በቆላው ያለውን ሰው ይነካል፣ ተራራውን የሚጠብቅም በተራራው ላይ የሚኖረው ሰው ነው።

ከገዳሙ ቅጥር ወደ ተፋሰሱ

ስለ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ሲነገር የዘመኑን ቃል ወደ ኋላ ወስዶ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ማድረግ ተገቢ አይሆንም። እሳቸው የኖሩት ለጸሎትና ለትምህርት ነው። ደኑ የተረፈው በሠሩት ሥርዓት ጥላ ሥር ነው። ነገር ግን ያ ሥርዓት ለምን 700 ዓመት ዘለቀ ብሎ መጠየቅ ለዛሬው የተፋሰስ ሥራ ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ደንቡ ግልጽ ነበር። ምን እንደተፈቀደና ምን እንደተከለከለ ገበሬውም መነኩሴውም ያውቃል። ሁለተኛ ጠባቂው በስፍራው የሚኖር ነው፤ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። ሦስተኛ ደንቡ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ይተላለፋል፤ አንድ አበ ምኔት ሲያልፍ ሥራው አብሮት አይቀበርም። አራተኛ ለስፍራው ያለው አክብሮት ከቅጣት ፍርሃት ይበልጣል። እነዚህ አራት ነገሮች ባሉበት የማኅበረሰብ ደንም ይጸናል። በሌሉበት ግን በዘመቻ የተተከለ ችግኝ ከሁለት ክረምት በላይ ላይዘልቅ ይችላል።

ይህ ባህል የአንድ ሃይማኖት ብቻ አይደለም። በሐይቅና በአምባሰል ሙስሊምና ክርስቲያን ተዋልደው፣ በአንድ ማኅበር ደቦ ተጠራርተው ይኖራሉ። በወሎ የሼኾች መቃብርና የመስጊድ ቅጥር ያለበት ስፍራም በዛፍ ጥላው ይታወቃል። ስለዚህ ከተዳፋቱ ወደ ሐይቁ የሚወርደውን አፈር ለማስቆም የሚያስፈልገው አክብሮት በሁለቱም ወገን አስቀድሞ አለ። የጎደለው ይህን አክብሮት ከቅጥር አውጥቶ ወደ ጋራ መሬቱ ማዝለቅ ነው።

የገዳሙ ደን ብቻውን ሐይቁን አያድነውም። ስፋቱ ትንሽ ነው፤ ወደ ሐይቁ የሚወርደው ጎርፍ ደግሞ የሚነሳው ከተራራው ጫፍ ነው። ሥራው መጀመር ያለበት ከላይ ነው። ከንክኪ ነጻ የተደረገ ተራራ በጥቂት ዓመታት ሣር ያበቅላል፤ ሣሩም ታጭዶ በበረት ለታሰሩ ከብቶች መኖ ይሆናል። በተዳፋቱ ላይ የተሠራ እርከን በየዓመቱ ካልተጠገነ ይፈርሳል፤ የፈረሰ እርከን ደግሞ ውኃን በአንድ ቦታ ሰብስቦ ስለሚለቅ ካልተሠራው የባሰ ቦረቦር ሊከፍት ይችላል። ቦረቦሩን በክትር ማሰር፣ በእርከኑ ላይ ለመኖ የሚሆን ሣርና ቁጥቋጦ መትከል፣ በሐይቁ ዳር ያለውን ቄጠማና ሸምበቆ ሳያጸዱ መተው ወጪያቸው ከጥቅማቸው ያነሰ ሥራዎች ናቸው። ቄጠማው ደለልን ያጣራል፤ ዓሣውም በሥሩ ይራባል።

የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ሲገለጥ ብራናው አሁንም ጽሑፉን ይዟል። ቆዳውን የሰጠው መንጋ፣ ገበታውን የሰጠው ዛፍና መቃውን ያበቀለው የሐይቅ ዳር በአንድ ወቅት በዚያው ተፋሰስ ውስጥ ነበሩ። በ1520 ትርንጎ ያፈራችው ደሴት ዛሬ ደሴት አይደለችም። በመጪዎቹ ክረምቶች ከአምባሰልና ከሐይቅ ዙሪያ ተራሮች የሚወርደው ውኃ ጥርት ብሎ ይወርድ እንደሆነ ወይም ቀይ ሆኖ ይወርድ እንደሆነ የሚወስነው በየተዳፋቱ ላይ የሚቆመው እርከንና የሚጸድቀው ችግኝ ነው።